ማሰሮ የደፋሁበት ጣራ

ትናንት ከጠዋት ጀምሮ የምንኖርበት ሕንፃ ጣራ ላይ ሬንጅ ሲያቀልጡ ዋሉ። ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ውስጥ እንደ እኛ ያለው ሕንፃ ሁሉ ጣራው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነው። የውሃ ታንከር ይሸከማል፣ ልብስ ይሰጣበታል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ውሃውን አቁሮ ይይዝና ቀስ እያለ ወደ መኝታ ቤታችን ያወርደዋል። ስለዚህ የዝናቡ ወር ሲቃረብ የሕንፃው ኃላፊ በርሜል ያስጥድና ስንጥቁን በሬንጅ ያስደፍናል። ልጄ ሐና ኢምባካሲ፣ የአውሮፕላን ጭነት ቢሮ ነው የምትሠራው። ጫማዋን እያሰረች “ማሚ ፕሊስ መስኮቱን ዝጊው፣ ኢናኑካ ሳና” አለችኝ። በጣም ይሸታል ማለቷ ነው። እሺ ብዬ ሸኘኋትና መስኮቱን ጭራሽ ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ያ ሽታ ሲመጣ ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ የምሄደው ደግሞ ደስ ወደሚል ቦታ አይደለም። ቢሆንም እሄዳለሁ፣ እዚያ የሠራሁት ጥፋት አለና።

ያኔ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ለውጭ አገር ሠራተኞች ቤት የምከራይ፣ የተከራየነውንም የማስጠግን ሠራተኛ ነበርኩ። ሰው ቤት ሊከራይ ሲሄድ ወጥ ቤቱንና መታጠቢያውን ያያል። እኔ አንገቴን አቅንቼ የማየው ጣራውን ነበር። ቡናማ ሱሪዬን፣ ላስቲክ ሶል ጫማዬን አድርጌ መሰላል እወጣለሁ፣ የኮርኒሱን ክዳን ገፍቼ ጭንቅላቴን አስገባለሁ፣ በባትሪ ሞራሌውን አንድ በአንድ አያለሁ። ፉንዲዎቹ፣ ማለት ግንበኞቹና አናጢዎቹ፣ “ማማ ማባቲ” የሚል ስም አወጡልኝ። ማባቲ የእኛው ቆርቆሮ ነው። እኔም ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምክንያቱም በዚያ ጊዜ ስለ ጣራ የማላውቀው ያለ አይመስለኝም። የሸክላ ክዳን ከባድ ነው፣ እንጨቱ ካልጠና ወገቡ ይጎብጣል፤ ግን አንዱ ሲሰበር አንዱን ብቻ ትቀይራለህ። አስቤስቶስ ግራጫ ነው፣ ዝናብ ሲመታው ዝም ይላል፣ ጉዳቱንም ገና ብዙ ሰው አያወራውም ነበር። ማኩቲ የሚሉት ከባሕሩ ዳር የሚመጣ የኮኮናት ቅጠል ለሥጋ ቤትና ለመዝናኛ ያምራል፣ እሳት ግን አይችልም። ቆርቆሮ ደግሞ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ውፍረቱ ይጨምራል፣ ይህን የማያውቅ ገዢ ሠላሳ ቁጥሩን ይዞ በኩራት ይሄዳል። የማታቱው፣ የሚኒባስ ታክሲው ማለት ነው፣ ዋጋ ያኔ ሃያ ሽልንግ ነበር። ሙዚቃው መስኮቱን እያንቀጠቀጠ፣ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እኔ የቆርቆሮ ሚስማር በጭኔ ላይ ይዤ ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ እዞር ነበር።

ከምከታተላቸው ቤቶች አንዱ ላቪንግተን ውስጥ የሙዜ ዋንጃላ ቤት ነበር። ሙዜ እዚህ ሽማግሌ የሚከበርበት ስም ነው። ሰውየው ከምዕራብ ኬንያ የመጡ፣ ረጅም፣ ቀልድ የሚወዱ ጡረተኛ ነበሩ። ሳል አይለያቸውም። ሁለት ጊዜ አጠር፣ አንድ ጊዜ ረዘም አድርገው ይስላሉ፣ ከግቢው በር ላይ ሆኜ ስሰማው አሉ እላለሁ። ትልቁን የሸክላ ክዳን ቤት ለእኛ ድርጅት አከራይተው፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ማማ ሮዳ ከጓሮ፣ አቮካዶው ሥር፣ ክብ የሣር ጎጆ ሠርተው ይኖሩበት ነበር። ላቪንግተን ውስጥ ሣር ክዳን። ጎረቤት ቢስቅም ሙዜ “ሸክላው ለኪራይ፣ ሣሩ ለእንቅልፍ” ይሉኝ ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ ባልፍ ግቢውን አልለየውም፤ በአጥሩ ውስጥ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፣ ጣራውም እንደ እኛው ጠፍጣፋ ነው። የዚያን ጊዜ ግን ቀዩ ሸክላ ሽበት አውጥቶ፣ ከኋላው የጎጆው አናት ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። በዚያ አናት ላይ ክንድ የምታህል አንድ ሹል እንጨት ቆማ ነበር።

የዚያች እንጨት ነገር ገና ከመጀመሪያው ቀን አልተዋጠልኝም። እኔ ያደግሁት ሰላሌ ነው። በእኛ አገር ሣር ክዳን ቤት አናቱ ላይ ጉልላት ይደፋለታል፤ አንገቱ የተሰበረ ማሰሮም ቢሆን ምሰሶው ጫፍ ላይ ይገለበጣል፣ ውሃ በምሰሶው ተንሸራቶ እንዳይገባ። ጉልላት ያልደፋ ቤት አላለቀም፤ አባቴም ያልጨረሱት ቤት ነው ብሎ ሠሪዎቹን አይሸኝም ነበር። እና የሙዜን ጎጆ ባየሁ ቁጥር ራሱን ሳይሸፍን ዝናብ ላይ የቆመ ሰው ያየሁ እየመሰለኝ አዝን ነበር። ማንንም ግን ጠይቄ አላውቅም። ማማ ማባቲ ምን ትጠይቃለች?

በአንዱ የዝናብ ወር ሙዜ ሳላቸው ጠንቶ ሆስፒታል ገቡ። ማማ ሮዳ ጠዋት ጠዋት አጥሚት በቴርሞስ ይዘው ይሄዳሉ፣ ከሰዓት ይመለሳሉ። አንድ ቀን ለትልቁ ቤት አሸንዳ ሄጄ ሳለ ጎጆው መሀሉ ላይ እንደሚያፈስ፣ ውሃው ልክ አልጋው ላይ እንደሚወርድ ነገሩኝና፣ ሙዜ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ነገር ላደርግላቸው እችል እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። እኔማ ስጠብቀው የኖርኩት ነው። በማግሥቱ ማማ ሮዳ ሆስፒታል ሳሉ ፉንዲ ሙቱዋን ይዤ መጣሁ። ሙቱዋ ከምሥራቅ፣ ከደረቁ አገር የመጣ፣ ጎበዝ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። መሰላሉን ወጥቶ ውሃው በሹሏ እንጨት ሥር እንደሚገባ አየ። ሣሩን እዚያው እናጥብቀው ወይስ እንጨቷን እንንቀላት ብሎ ጠየቀኝ፤ ባለቤቱስ ያውቃሉ ወይ ብሎም ጨመረ። ንቀላት አልኩት። ከመንገድ ዳር አበባ ሻጮች የገዛሁትን የሸክላ ማሰሮ የታችኛውን ቀዳዳ በሲሚንቶ ደፍኜ ይዤ መጥቼ ነበር። ደፋልኝ። ከታች ሆኜ ሳየው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ አባቴ ያሠራው መሰለኝ። እንጨቷን አቮካዶው ግንድ ላይ አስደገፍኳት።

ማማ ሮዳ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ገቡ። ምርቃት እየጠበቅሁ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ። ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ቴርሞሱ ከእጃቸው ወደቀ፣ የራሳቸውን መሸፈኛ አውልቀው መሬት ላይ ቁጭ አሉና ድምፅ አውጥተው ያለቅሱ ጀመር። ዘበኛው፣ እዚህ አስካሪ የሚሉት፣ ሮጦ መጣ፤ እሱም የእነሱው አገር ሰው ነው፣ ቀና ብሎ አይቶ ኮፍያውን አወለቀ። ማማ ሮዳ ባላቸውን ከአንድ ሰዓት በፊት አጥሚት ሲጠጡ፣ ስለ ቀዘቀዘው አጥሚት ሲያጉረመርሙ ትተዋቸው ነው የመጡት። በዓይናቸው ያዩትን ትተው ጣራውን አመኑ። ያስረዳኝ አስካሪው ነው፣ እኔን ሳያይ፣ መሬት መሬት እያየ። በእነሱ ዘንድ ያቺ እንጨት የቤቱ አባወራ ናት። እሱ በሕይወት እስካለ ትቆማለች፣ ሲሞት የቅርብ ዘመድ ወጥቶ ይነቅላታል። ከሩቅ የሚያልፍ ሰው ጣራውን አይቶ የቤቱ ጌታ እንደሞተ ያውቃል። ሳላውቅ አንድ ሰው መግደሌ በዚያች ደቂቃ ገባኝ።

ሆስፒታል ተደወለ፤ ሙዜ ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል ተባለ። ማማ ሮዳ ግን ማልቀሳቸውን አቆሙ እንጂ መሸፈኛቸውን መልሰው አላደረጉም። ወሬው በምን እንደደረሰ አላውቅም፣ በማግሥቱ ጠዋት ከምዕራብ በመጣ አውቶብስ አሥራ አንድ ዘመዶች ግቢው ውስጥ ገቡ። አስካሪው ሙዜ በሕይወት አሉ አላቸው። እሺ አሉ። የሚስቅ፣ ተመስገን የሚል ሰው ጠብቄ ነበር። አቮካዶው ሥር ተቀምጠው ሻይ ጠጡ፣ ማሰሮዬን እያዩ በሹክሹክታ አወሩ፣ ከሰዓት ተነስተው ወደ አገራቸው ሄዱ። ሆስፒታሉ ከግቢው የአንድ ማታቱ መንገድ ነው። ሊጠይቃቸው የሄደ አንድም ሰው አልነበረም።

ሙዜ በሦስተኛው ቀን በታክሲ መጡ። በሩ ላይ ይቅርታ ልጠይቅ ቆሜ ነበር። ከመኪናው ወርደው ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ጣራውን አዩና ቆሙ። ሳላቸው ራሱ ቆመ። ማን እንደነቀላት ጠየቁ፣ እኔ ነኝ አልኩ፣ ውሃ እንዳይገባ ብዬ ነው፣ በአገሬ እንዲህ ነው የሚደረገው እያልኩ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እየተደነቃቀፍኩ ለፈለፍኩ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዘው “ይህ የዘመድ ሥራ ነው፤ እንግዲህ ዘመዴ ሆነሻል” አሉኝና፣ በጎጆው በር አጠገብ አልፈው አስቤስቶስ ክዳን ወዳለው መኪና ማቆሚያ ሄዱ። የሞተ ሰው በበሩ ተመልሶ አይገባም። እዚያው ፍራሽ ተነጠፈላቸው፤ ማማ ሮዳም ጎጆውን በሰንሰለት አስረው ተከተሏቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስናገረው ሐና እንኳ አታምነኝም። ሙዜ ስንላቸው ይዞራሉ፣ ዋንጃላ ብለን በስማቸው ስንጠራቸው ግን አይዞሩም፣ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል። ምግብ ሲቀርብላቸው ለሞተ ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል እያሉ ሁለት ጉርሻ ወስደው ይመልሱታል። ሐኪሙ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ሲል፣ እሳቸው በየሳምንቱ እየቀለሉ ሄዱ፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ መስቀያ ላይ እንደተሰቀለ ሆነ። በዚህ አያያዝ ሁለት ወር እንደማይቆዩ ሁላችንም እናይ ነበር፣ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ሳናውቅ በስህተት፣ አውቀን በድፍረት የሚለውን ጸሎት በዚያ ወራት ያልኩትን ያህል በዕድሜዬ አላልኩም። እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ የሚለውን ለልጆች ስንመክር እንጂ ለራሳችን ትዝ አይለንም።

በሦስተኛው እሑድ፣ አሥር ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ግቢውን ሞልቶት፣ ሙዜ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ሲልጡ ከጎጆው ውስጥ ሳል ተሰማ። ሁለት አጠር፣ አንድ ረዘም። ዞሬ አየኋቸው፤ አፋቸው ተዘግቷል፣ ዓይናቸው ብርቱካኑ ላይ ነው። የጎጆው በር በሰንሰለት እንደታሰረ ነው።

“ሰማሽ?” አሉኝ።

“ሰማሁ።”

“እሱ ደህና ነው” አሉ ልጣጩን መሬት እየጣሉ። “የምደክመው እኔ ነኝ።”

ከማማ ሮዳ ቁልፍ ተቀብዬ ከፈትኩት። ገባሁ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፣ ሰው የለም፣ የሣር ሽታ ብቻ። ያ ሁሉ ሳምንት ዘንቦ ወለሉ ደረቅ ነበር። ማሰሮዬ ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል፣ አንዲት ጠብታ አላስገባም። ወጥቼ ቆለፍኩና ያን ቀን ሳልሰናበታቸው ሄድኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሙዜ ታላቅ እህት ማማ ፔሬስ ከአገራቸው መጡ። ትንሽዬ፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ የሚይዙ፣ ለማንም ፊት የማይሰጡ አሮጊት ናቸው። እንጨቷን መልሰን እንትከላት ብዬ ለመንኳቸው። መቃብር ላይ ነው የምትተክያት አሉኝ። ለዚያ ቤት ወንድማቸው ሞተዋል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። መንገዱ አንድ ነው፦ አዲስ ቤት ይሠራል፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ አዲስ እንጨት አናቱ ላይ ያቆማል፣ ያኔ ለአዲሱ ቤት ሕያው ይሆናል። ግን ቶሎ መሆን አለበት፣ ቤት ሳይኖረው ከሞተ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እንደሞተ ባይተዋር ነው የሚሆነው። እሺ አልኩ፤ እኔ አሠራለሁ።

እና አሁንም ሌላ ስህተት ልሠራ ነበር። በበደሌ ላይ በደል እንዳይጨመር ብዬ ሁሉም ልክ እንደ አሮጌው ይሁን፣ ሣር ክዳን ይሁን አልኩ። ናይሮቢ ውስጥ በዝናብ ወር የክዳን ሣር መፈለግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የፈለገ ያውቀዋል። ያለው እርጥብ ነው፣ እርጥብ ሣር ይበሰብሳል። ማኩቲ እንጫን ብዬ ወደ ባሕሩ ጠረፍ አስደወልኩ፣ አሥር ቀን ይፈጃል አሉኝ። ሸክላ እንዳልል ጭቃ ግድግዳ አይሸከመውም። አምስት ቀን ስባዝን ሙዜ ከፍራሻቸው መነሳት አቃታቸው። በአምስተኛው ቀን ማታቱ መጠበቂያው ላይ ማማ ፔሬስ ደረሱብኝ።

“ሣር እየፈለግሽ ወንድሜን ልትቀብሪው ነው?” አሉኝ።

“በቆርቆሮ ይሆናል እንዴ?”

“እንጨቷ የምትቆመው በሰውዬው እጅ ነው። የጣራውን ልብስ ማን ጠየቀሽ?”

በዚያው ቀን ቆርቆሮ ገዛሁ፣ ሃያ ስምንት ቁጥር፣ ወፍራሙን። ሙቱዋ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአራት ቀን አንድ ክፍል አቆመ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሙዜን ደግፈናቸው በዱላቸው ጫፍ ጫሩት። አራት ማዕዘን፣ ዝቅ ያለች፣ አራቱም የጣራ ክንፍ ወደ አናት የሚገጥምባት ቤት። አናቷ ላይ ቆርቆሮው ተበሳ። ችግሩ መሰላል መውጣት የማይችል ሰው እንጨቷን እንዴት ያቆማል ነበር፣ ዘዴውን ያገኘው ሙቱዋ ነው፦ ኮርኒስ የለም፣ ጣራው ዝቅ ያለ ነው፣ ከውስጥ ይግፏት። ጠረጴዛ አስገባን። ሙዜ በማማ ሮዳና በአስካሪው ትከሻ ላይ ተደግፈው ወጡበት፤ እኔ፣ ማማ ፔሬስና ሌሎቹ ውጭ ቆመን ቀዳዳውን እናያለን። ሙቱዋ ጣራው ላይ የቀለጠ ሬንጅና የካለመዳሪ ቁራጭ ይዞ ይጠብቃል፣ እንዳይነካት ተነግሮታል። ብዙ ቆየን። ከጎጆው በኩል ያ ሳል መጣ፣ ሁለት አጠር፣ አንድ ረዘም። ማንም ዞሮ አላየም። ከዚያ የእንጨቷ ጫፍ ከቆርቆሮው ውስጥ እየተንቀጠቀጠች ብቅ አለች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ብቅ አለችና ክንድ ያህል ወጥታ ቆመች። ሙቱዋ ሬንጁን ዙሪያዋን አፈሰሰ። ማማ ፔሬስ በወንድማቸው ሙሉ ስም ተጣሩ። ከቆርቆሮው ሥር ደካማ ድምፅ “አቤት” አለ። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ማማ ፔሬስም አልከለከሉኝም።

በሳምንቱ እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እየበሉ ነው፣ ኮታቸውም ሊሞላ ነው ብለውኛል ማማ ሮዳ። አዲሱ ቤት በር ላይ ቆሜ፣ እኛ ‘ቤቶች’ እንደምንለው እዚህ የሚባለውን ሆዲ ብዬ፣ “ሙዜ ዋንጃላ” ብዬ በደስታ ተጣራሁ።

“ካሪቡ” የሚል መልስ መጣ። ግቢ ማለት ነው። ድምፁ የእሳቸው ነው። የመጣው ግን ከጀርባዬ፣ ከሣር ጎጆው ነው።

አልዞርኩም። እንደቆምኩ የፊት ለፊቱ በር ተከፈተና ሙዜ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ጎጆውን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

“የትኛችንን ነው የጠራሽው?”

“እርስዎን” አልኩ።

“እንግዲያው ሁለተኛ ስትመጪ ስም አትጥሪ። በሩን አንኳኪ።”

አራት ዓመት ሙሉ አንኳኳሁ። ሙዜ በሉ፣ ወፈሩ፣ ቀለዱብኝ፣ የልጄን ፈተና ውጤት ጠየቁ። ቆርቆሮው በዝናብ ጊዜ እየጮኸ እንቅልፍ እንደሚነሳቸው እየነገሩ አሾፉብኝ። ጎጆውን ማንም አላፈረሰውም፣ ማንም አልገባበትም። ሣሩ ጠቆረ እንጂ አላፈሰሰም። አንዳንድ ከሰዓት ሻይ ስንጠጣ ያ ሳል ከጎጆው ይመጣል፣ ሙዜም ሲኒያቸውን አስቀምጠው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፣ ታላቅ ሲናገር ዝም እንደሚባለው። እኔም ሲኒዬን ማስቀመጥ ለመድኩ። አንድ ቀን እሱን እንደምፈራው ነገርኳቸው። አትፍሪው፣ ብቻውን ነው፣ እዚያ ያስቀመጥሽውም አንቺ ነሽ አሉኝ። ከፍርሃቱ ይልቅ ይህ ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ።

አንድ ማክሰኞ አስካሪው ደወለልኝ። ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ የቆርቆሮው አናት ባዶ ነው፤ የእህት ልጅ ጠዋት ወጥቶ ነቅሏታል፣ በወጉ፣ በጊዜው። እንደ ልማዴ በሩን አንኳኳሁ። ከውስጥ ሴቶቹ ግቢ አሉኝ። አልገባሁም። ፊቴን ወደ ሣር ጎጆው አዙሬ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ “ሙዜ ዋንጃላ” ብዬ ጠራሁ። ለቀስተኛው ዞሮ አየኝ። ቆሜ ጠበቅሁ፣ ደግሜ ጠራሁ። የመለሰልኝ አልነበረም።